የጉለሌው በቀቀን

ከአዲስ አበባ መካከል ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ተራራ ሽቅብ በሚያቀናበት በኩል፣ ጉለሌ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። የቦታው ከፍታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ የጠዋቱም አየር የባሕር ዛፍና የጽድ ሽታ ያለበት ነው። ባለፈው የጥቅምት ወር በዚሁ ሰፈር ከአንድ ወዳጃችን ቤት ስምንት ቀን ሰንብተን ነበርና፣ በዚያ ያየነውንና የሰማነውን ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ልናቀርብ ወደድን። ያየነው ዛፉንና ተራራውን ነው፤ የሰማነው ግን ከሁሉ ይልቅ አንድ በቀቀን ነው።

በቀቀኑ ላባው አመድማ፣ ጅራቱ ቀይ፣ ትውልዱም ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ደን ነው። ወዳጃችን ከሃያ ዓመት በፊት ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር ሰው ተረክበውታል። ስለዚህም ሰው ባስነጠሰ ጊዜ እስከ ዛሬ የሚመርቀው በፈረንሳይኛ ነው፤ የቀረው ንግግሩ ሁሉ ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው።

የቤቱ ቀን የሚጀመረው በእርሱ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ የትልቋን እመቤት ሳል ይስላል፤ ቀጥሎም የጎረቤቱን ዶሮ ተክቶ ይጮኻል። ጥቂት ቆይቶ የሙቀጫውን ድምፅ ያሰማና፣ በእመቤቲቱ ድምፅ «ቡና ጠጡ!» ብሎ ይጣራል። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤት «መጣሁ!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ሲደርሱ፣ እሳቱ አልተያያዘም፤ ጀበናውም አልተጣደም። እንዲህ ሆኖ ሳለ ጎረቤቲቱን መመለስ ነውር ስለሆነ፣ በዚያ ቤት ቡና በቀቀኑ በፈቀደው ሰዓት ይፈላል።

ውሻውንም በጌታው ድምፅ «ና!» ብሎ ይጠራዋል፤ ውሻው ጅራቱን እየቆላ በደረሰ ጊዜ «ሂድ!» ብሎ ይመልሰዋል። የስልኩን ጥሪ ሲያሰማ ሦስት ሰው ከሦስት ክፍል ይሮጣል። ልጆቹ ፊደል ሲቆጥሩ አብሮ ይጀምርና «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ አልፎ የሄደበትን ቀን አልሰማንም።

በቀቀን ከንፈር የለውም፤ የሚናገረው በጉሮሮው ግርጌ ባለው የድምፅ መሣሪያና በወፍራሙ ምላሱ ነው። በተፈጥሮው በመንጋ የሚኖር ወፍ ስለሆነ፣ ከሰው ጋራ ሲኖር ቤተ ሰቡን እንደ መንጋው ቆጥሮ የእነርሱን ድምፅ ይማራል። በአሜሪካ ዶክተር አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ ሊቅ፣ አሌክስ የሚባለውን የዚህኑ ዓይነት በቀቀን እስከሞተበት እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ 30 ዓመት ያህል አስተምረው፣ ቀለምና ቅርጽ እንደሚለይ፣ እስከ ስድስትም እንደሚቆጥር አሳይተዋል።

አሁን ግን ሣቅ ብቻ ወዳልሆነው ነገር እንሻገር። ወዳጃችን የመንግሥት ሥራ ያላቸው ሰው ስለሆኑ ባለ ጉዳይ እስከ ቤታቸው ድረስ ይመጣባቸዋል። በሩ በተንኳኳ ጊዜ ከውስጥ ሆነው «ዛሬ አይመችም፤ ነገ ይመለሱ» ማለት ልማዳቸው ነበር። የበቀቀኑ መቀመጫ ደግሞ ለበሩ ቅርብ ከሆነው በረንዳ ላይ ነው። በሰነበትንበት ሳምንት አንድ ሽማግሌ በማለዳ መጥተው አንኳኩ፤ በጌታው ድምፅ «ነገ ይመለሱ» ተባሉ፤ ተመለሱ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ።

በአራተኛው ቀን ወዳጃችን ሲወጡ ሽማግሌውን ከበሩ አጠገብ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

«አባቴ፣ ምነው ከውጭ ተቀመጡ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ ነገ ብለውኝ ነበር፤ ትናንት ነገ ያሉት ዛሬ ነው ብዬ መጣሁ» አሉ ሽማግሌው።

ይህን ጊዜ በቀቀኑ ከበረንዳው ላይ «ዛሬ አይመችም፤ ነገ ይመለሱ!» አለ። አስቀድመው የሣቁት ሽማግሌው ናቸው። ወዳጃችን ግን ፊታቸው ቀልቶ፣ ይህ ወፍ ከቤቴ ይውጣልኝ ብለው ተቆጡ። እናታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ወፉ ምን በደለ? ከዚህ ቤት ያልሰማውን አልተናገረም» አሏቸው። ወዳጃችን ዝም አሉ። ከዚያም ሽማግሌውን አስገብተው ቡና አስቀረቡ፤ ወረቀቱንም ከአቦል እስከ ቶና ባለው ጊዜ አንብበው ጨረሱ። ሦስት ቀን ያመላለሰው ጉዳይ አንድ ፊርማ ብቻ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲንኳኳ ወዳጃችን «ይግቡ!» ይላሉ፤ በቀቀኑም ከሳምንቱ ፍጻሜ በፊት ይህን ተማረ። ችግሩ ሌሊት ጅብ ከተራራው ወርዶ በጮኸ ጊዜ ለእርሱም «ይግቡ!» ማለቱ ነው።

በዚያ ግቢ ካለው ጽድ ላይ በየማለዳው የበቀቀን ዘመድ የሆኑ ትናንሽ አረንጓዴ ወፎች ያርፋሉ። ቁመታቸው ከስንዝር አይበልጥም፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሚገኙትም በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ ነው። የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይበላሉ፤ በዛፍ ቀዳዳም ተጠጋግተው ያድራሉ። እነርሱ ሲንጫጩ ለፍላፊው በቀቀን አንገቱን አዘንብሎ ዝም ይላል። የእርሱ ወገኖች ለሽያጭ እየተጠመዱ እጅግ ስለተመናመኑ፣ ከደን የተያዙትን በአገሮች መካከል መነገድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ስምምነት ተከልክሏል። እንግዲህ ልጆቻችን የጽዱን ወፎች በዛፋቸው ላይ ሳሉ ማየትን እንጂ አጥምዶ በቀፎ መዝጋትን እንዳይለምዱ እንምከራቸው።

በቀቀን ከቤቱ ያለው ሰው ደግሞ አቮካዶ፣ ቡናና ቸኮላታ እንዳያበላው ይጠንቀቅ፤ ይጎዱታልና። ብቻውንም አይተወው፤ ብቸኝነት የጸናበት በቀቀን የራሱን ላባ ይነጫል። ከሁሉ በላይ ግን በፊቱ የሚናገረውን ቃል ይምረጥ። ይህ ወፍ በመልካም አያያዝ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ የተናገርነውን እኛ ካለፍን በኋላ ለልጅ ልጆቻችን በገዛ ድምፃችን ይነግርብናል።