የጣሪያው ብር ሮም ሄደ

ሮም የላከኝ የቤታችን ጣሪያ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ልንገራችሁ።

ባለፈው ሰኔ ለእማዬ የሰፈር እቁብ ወጣላት። ያቺ ብር ዓመቱን ሙሉ የምትጠበቀው ለቆርቆሮ ነበር። ቤታችን ክረምት በገባ ቁጥር ያፈሳል። እኔን ደግሞ በዚያው ሰሞን «ደራሲ ለመሆን ዓለምን ማየት አለብኝ» የሚል በሽታ ይዞኛል። (በሽታው የሚተላለፈው በመጻሕፍት ነው፤ ተጠንቀቁ!) የሁለት ዓመት ቁጠባዬን ብቆጥረው፣ ብቆጥረው አልሞላ አለ። እማዬ ሦስት ቀን ዝም ብላ አየችኝ። በአራተኛው ቀን ብሩን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ፦ «ዘንድሮንም በሳፋ እንወጣዋለን። ሂድና ጽፈህ ና» አለች።

ስለ ቪዛው ብዙ አላወራም፤ የሼንገን ወረፋ የቆመ ያውቀዋል። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለክሉህም አይመለስም። ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን፣ የባንክ ማስረጃ፣ የአልጋ ማስያዣ... «የጉዞው ዓላማ» የሚለው ቦታ ላይ «ለመጻፍ» ብዬ ልሞላ ስል ጓደኛዬ «አበድክ እንዴ?» ብሎ እጄን ያዘኝ። «ጉብኝት» ብዬ ሞላሁ። ሁለት ሳምንት ፈቀዱልኝ።

ሮምን የመረጥኩት በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የሚባለው «ልብ ወለድ ታሪክ» እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው እዚያው ሮም ነው። ምናልባት ውሃው ይሆናል ብዬ ነዋ!

ቴርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ስወጣ የተቀበለኝ አደባባይ «የአምስቱ መቶ» ይባላል። አምስቱ መቶ እነማን መሰሏችሁ? እ.ኤ.አ. በ1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። በማግስቱ ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ቦታ ሄጄ አየሁት። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቷል፤ እኔ ግን ያለበትን ትቼ የሌለበትን ለማየት ነው ባሕር የተሻገርኩት። ደረቴን ነፍቼ አደባባዩንም ሐውልቱንም ጻፍኩ። ስድስት ገጽ። ማታ ሳነበው የስምንተኛ ክፍል የታሪክ መጽሐፍ ሆኖ አገኘሁት። የእኔ የሆነ አንድም ዓረፍተ ነገር የለበትም።

«ካፌ ቁጭ ብሎ መጻፍ» የሚባለውም ነገር አልሠራልኝም። ሮም ውስጥ ቡና ባንኮኒው ላይ ቆመው ሲጠጡት ይረክሳል፤ ወንበር ስበው ሲቀመጡ ይወደዳል። እኔ ቆሜ ነው የጠጣሁት። ማስታወሻ ደብተሬም የዋጋ መዝገብ ሆነ፦ በግራ ዩሮ፣ በቀኝ ብር። በሳምንቱ ስቆጥር ከታሪክ ይልቅ ሒሳብ ጽፌያለሁ።

በስምንተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሆስቴሉ መስኮት ሥር አንድ ቧንቧ አለ። ሮማውያን «ናሶኒ» የሚሏቸው እነዚህ የመንገድ ዳር የብረት ቧንቧዎች ከ1870ዎቹ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ቀን ከሌት ይፈሳሉ፤ ማንም በነጻ ይጠጣል። ያን ሌሊት የውሃው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ሌላ ድምፅ ሆነ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ... ሳፋ ላይ። ነሐሴ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሲነጋ ደወልኩ።

«እየዘነበ ነው?»

«ምን ጥያቄ ነው፣ ነሐሴ አይደል እንዴ? ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ ደፋሁት። አንተ እየጻፍክ ነው?»

«እየጻፍኩ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነበር። አፈርኩ። ስልኩን ዘግቼ ደብተሩን ከዋጋዎቹ በኋላ ገለጥኩና ውሸቱን እውነት ለማድረግ ጀመርኩ። እስከ ማታ አሥራ አንድ ገጽ ወጣኝ። ስለ ሮም አንድም ቃል የለበትም። ጣሪያው፣ ሳፋው፣ በጨለማ ተነስታ ውሃ የምትደፋ ሴት።

በኋላ ሳስበው ይኼ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። አፈወርቅ ሮም ያሳተመው ታሪክ የሮም ታሪክ አይደለም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ውቤ በረሃን የጻፈው ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ሆኖ ነው። ጄምስ ጆይስም ደብሊንን በትሪየስቴ፣ በዙሪክና በፓሪስ እየተንከራተተ ነው የጻፋት። ቤቴ ሳለሁ ያ ጠብታ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነገር እንጂ የሚጻፍ ነገር አልነበረም፤ ትራሴን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነበር የማልፈው። ከራቅኩ በኋላ ግን ሌሊት ተነስቶ ውሃውን የሚደፋው ማን እንደሆነ ታየኝ። ለዚህ ደብረ ብርሃንም ይበቃኝ ነበር ይሆናል፤ አልክድም።

ግን መጻሕፍቱ ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ስለ ተጓዥ ደራሲ ስናነብ የምናየው ባቡሩን፣ ካፌውን፣ ደብተሩን ነው። እሱ በራቀ ጊዜ ቤት ቀርታ ሳፋ የምትደፋዋን አናይም። የእኔ አሥራ አንድ ገጽ ሒሳቡ በዩሮ ብቻ አይደለም፤ አንድ ክረምት ሙሉ የእናቴ እንቅልፍ ገብቶበታል።

ስመለስ አነበብኩላት። ቡና እያፈላች እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፦

«ሳፋው ሰማያዊ አይደለም። ሰማያዊው ተሰንጥቆ ከተጣለ ቆይቷል፤ አረንጓዴው ነው።»

«ሌላስ?»

«ደግሞ እኔ መቼ አለቀስኩ? ወገቤን አሞኝ ነው እንጂ።»

ልቅሶውን ሰረዝኩት። እውነትም ያለ ልቅሶው ይሻላል።

ከመስከረም ጀምሮ እቁቡን የምጥለው እኔ ነኝ። ሲወጣ ቀጥታ ቆርቆሮ ተራ! ፓሪስ የምትባል ከተማ እንዳለች ሰምቻለሁ፤ ትቆየኝ።

ቸር ይግጠመን።