12ኛው መስመር

ለብዙ ዓመታት «ረስቼ ነው» እል ነበር። ለሌላ ሰው አይደለም የምለው፤ የጠየቀኝም የለም። ለራሴ ነው። ገና ሲቃረብ፣ በጎች በየመንገዱ ዳር መቆም ሲጀምሩ፣ ያ ቀን ድንገት ትዝ ይለኛል፤ «ረስቼ እኮ ነው» እልና አልፈዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው አለመርሳቴን ለመናገር ነው። ይቅርታ ለመጠየቅም አይደለም፤ አንተ አንባቢዬ ይቅር ልትለኝ የምትችለው ነገር አይደለም፤ የምትችለው እዚህ የለችም።

ነገሩ የሆነው በ2002 ዓ.ም. የገና ዕለት፣ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት ነው። የቤቱ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ በዚያ ዓመት ሥራዬ ቀንቶኝ ነበር። ወንድሜና ሁለቱ እህቶቼ ከነልጆቻቸው እንዲመጡ የወተወትኩትም እኔ ነበርኩ። አባታችን ካረፈ ወዲህ ለገና ሁላችንም አንድ ላይ ተሰብስበን አናውቅም። እናቴን ማስደሰት ፈልጌ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ሌላም የፈለግኩት ነገር ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

እናቴ ከኅዳር 15 ጀምራ ስትጾም ቆይታለች። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንቁላል ትቆጥር ነበር። ዶሮ ወጥ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ እንቁላል መድረስ አለበት፤ የእናቴ ሕግ ነው። ጣቷን እያጠፈች እኛን ቆጠረች፤ ባልና ሚስቱን፣ አክስቴን፣ ልጆቹን በየስማቸው። መጨረሻ ላይ ውኃ ይዛ የገባችውን ልጅ ቀና ብላ አየችና «አንቺ አለሽ» ብላ ጨመረቻት። 22 ሆንን። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር።

ልጅቷ የእናቴ የአጎት ልጅ ልጅ ናት። ከመንዝ የመጣችው «እየተማረች እንድታግዘኝ» ተብላ ነው። እዚያ ሳለች በግ ጠባቂ ነበረች። ዕድሜዋ ዘጠኝ ወይም አስር ይሆናል፤ ያኔ አልጠየቅኩም፤ አለመጠየቄም የጥፋቱ አንድ ክፍል ነው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። መጻፍ በነበረብኝ ቦታ አልጻፍኩትም፤ አሁን ብጽፈው የሚያምረው የእኔ ጽሑፍ ነው እንጂ ለእሷ የሚጨምርላት የለም።

እኛ ልጆች ሳለን ገና ማለት ቤት ውስጥ የተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ ድፎ ዳቦ፣ የዶሮው ሽታ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሜዳ ወጥቶ በቆልማማ ዱላ ሩር መምታት ነበር። ጨዋታውን የጀመሩት የጌታን መወለድ ሰምተው የተደሰቱት እረኞች ናቸው ብለው ሽማግሌዎች ነግረውናል። በዚያ ሜዳ ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ እንኳ ቂም አይያዝም ይሉን ነበር። ጥድ አቁሞ ጥጥ እንደ በረዶ መበተን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ማደል፣ ይህን ያገኘሁት አዲስ አበባ ነው። እናቴ ቤት ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ልማዱን አልነቅፍም፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል፤ የልጅ ደስታ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዳቦ ሲቆረስ ስም አይጠራም፤ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ እጁን ይዘረጋል። ስጦታ ስም ይፈልጋል። ስም የሚጠራበት ቤት ውስጥ ስሙ የማይጠራ ሰው ሊኖር ይችላል።

በበዓሉ ጠዋት፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ የተመለሱት ጥቂት አረፍ ካሉና ከተበላ በኋላ፣ ልጆቹን ሰብስቤ ቄጠማው ላይ አስቀመጥኳቸው። 11 ናቸው። ከመርካቶ ገዝቼ ያመጣሁትን ከካርቶን እያወጣሁ ስማቸውን መጥራት ጀመርኩ። «ና»፣ «ነይ» እያልኩ። የሚጠራው ልጅ ይነሳል፤ እናቱ እልል ትላለች፤ ወንድሜ ፎቶ ያነሳል። ልጅቷ የእጅ ውኃ ያስታጠበችበትን ማስታጠቢያ ይዛ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ልጅ ስጠራ ማስታጠቢያውን አስቀመጠችው። ቀና ብዬ አየኋት። ከጆጉ የተረፈውን ውኃ በእጇ ላይ አፈሰሰች፤ ታጠበች፤ በቀሚሷ ጫፍ አደራረቀች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ እኛ ቀረበችና ቆመች።

እጇን የታጠበችው ለመቀበል ነው። አይቻለሁ። ለምን እንደሆነም ያኔውኑ ገብቶኛል።

11ኛውን ልጅ ጠራሁ። የስም ዝርዝሩን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ያኔ የአራት ዓመት የነበረችው ልጄ አሻንጉሊቷን እንዳቀፈች ዞር ብላ አየቻትና «አባዬ፣ የእሷስ?» አለችኝ። ቤቱ ጸጥ ያለ መሰለኝ፤ ምናልባት የመሰለኝ ለእኔ ብቻ ይሆናል። «የእሷ ነገ ይመጣል» አልኩ።

ልጄ አላመነችኝም መሰለኝ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዞረች። ልጅቷም «አዎ፣ የእኔ ነገ ነው» አለቻት። ከሐፍረት ልታወጣኝ ብላ ይሁን፣ አምናኝ ይሁን፣ ያን ሰዓት አላወቅኩም። ሐፍረቴን ልትሸፍንልኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንዲያውም በልቤ ብልህ ልጅ ናት አልኩ። አንድ ልጅ የእኔን ውሸት ተሸክማልኛለች ብዬ እያሰብኩ፣ ያንን እንደ ብልህነት ቆጥሬላት አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሜዳ ወጡ። የሰባት ዓመቱን ወንድ ልጄን ዱላው እንዴት እንደሚያዝ ያሳየችው እሷ ናት። ከሁሉም አርቃ ትመታ ነበር። ስትስቅም ሰማሁ። ይህን የምጽፈው «ያን ያህል አልተጎዳችም» ለማለት አይደለም፤ ለዓመታት ግን ለዚያ ተጠቅሜበታለሁ። ሳቋን እንደ ምስክር ይዤው ኖርኩ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር፤ ጾም ተመለሰ። በጠዋት ተነስተን ወደ አዲስ አበባ ልንመለስ ስንል ሻንጣችንን እስከ መኪናው ድረስ ተሸክማ ሸኘችን። ቀኑ «ነገ» ነበር። አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሳሁትም።

የጥፋቴን ልክ ያወቅኩት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ የነገረችኝም እናቴ ናት፤ እየነገረችኝ እንደሆነ ሳታውቅ። ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው ስልክ ደወልኩላት። ደህንነቷን ጠየቅኩ፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ውርጩ አወራችኝ። ከዚያ ስለ ልጅቷ አነሳች፤ እያመሰገነቻት ነው። «ምን የመሰለች ልጅ ሆናለች መሰለህ! ሰሞኑንማ በር ከተንኳኳ ማንም አይቀድማትም። የያዘችውን ሁሉ ጥላ ነው የምትሮጠው» አለችኝ።

የማደርገው ጠፋኝ። እናቴ ትጋት አድርጋ ያየችው ምን እንደሆነ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አምናኛለች ማለት ነው። ገና ዕለት «አዎ» ያለችው እኔን ለመሸፈን አልነበረም፤ ነገ ስለተባለች ነገን ትጠብቅ ነበር። ነገ ሲያልፍ ደግሞ የሚቀጥለውን። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከእጇ የምትጥለው ዕቃ ሁሉ የእኔ አንድ ቃል ነው።

ወዲያው ምን አደረግኩ? ምንም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪና በየሰዓቱ ይሄዳል፤ አንድ ትንሽ ጥቅል በሰው እጅ ብልክ በዚያው ቀን ይደርሳል። ግን ብልክ እናቴ «ይህ ደግሞ ምንድነው?» ትላለች፤ መልስ መስጠት ሊኖርብኝ ነው። እናቴ ፊት ከማፈር ልጅቷ እንድትጠብቅ መረጥኩ። በእነዚህ ቃላት አላሰብኩትም፤ ያደረግኩት ግን ይህንኑ ነው። ለፋሲካ ስንሄድ ቀሚስ ይዤላት ሄድኩ። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «የገናው ነው?» አላለችኝም። እኔም «የገናው ነው» አላልኳትም። ስለዚህ ያ ቀሚስ የፋሲካ ሆነ፤ የገናው ሳይመጣ ቀረ።

«ረስቼ ነው» ማለት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መርሳት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር ነው፤ መጠለያነቱም ለዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ቤት ስንቀይር አንድ አሮጌ ማስታወሻ ደብተር አገኘሁ። ስገልጠው ወረቀት ላይ ከመገልበጤ በፊት የጻፍኩት የዚያ ገና ዝርዝር ወጣ። ከ1 እስከ 11 የልጆቹ ስም፣ በስማቸው ትይዩ ዕድሜያቸውና የሚገዛላቸው ነገር። ከ11 በታች በራሴ እጅ ጽሕፈት «12» ተብሎ ተጽፏል፤ አጠገቡ ነጥብ አለ። ከነጥቡ ወዲያ ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ተመለሰልኝ። ሌሊት ነበር፤ ልጆቼ ተኝተዋል። 12 ብዬ ነጥብ አድርጌ ብዕሬን አቆምኩ። ስሟ አልጠፋኝም። ስሟ አፌ ላይ ነበር። አሰብኩና፣ ደብተሩን ዘጋሁት።

ምን አሰብኩ? ራሴን ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ገንዘብ አልነበረም፤ ለ11 የገዛ ለ12 አያጣም። «የቤት አጋዥ ናት፣ ከልጆቹ እኩል ካደረግናት ትባልጋለች» የሚለው የተለመደ አነጋገርም በአእምሮዬ አልፏል፤ ግን እሱም ቢሆን ሽፋን ነው። እውነቱ ይህን ይመስለኛል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የገዛሁት ዕቃ የሚታይ ዕቃ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሲቀበል ወንድሜ ያያል። የእህቴ ልጅ ሲቀበል እህቴና ባሏ ያያሉ። «ተሳክቶልኛል፣ ታላቅ ወንድማችሁ ታላቅ ሆኗል» የሚለውን በልጆቹ እጅ ነበር ለወላጆቻቸው የምልከው። ቅድም ወደ ኋላ እመጣበታለሁ ያልኩት ፍላጎት ይህ ነው። የእሷ እናት ግን መንዝ ናት። የእሷን መቀበል አይቶ እልል የሚልላት ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። የሚያየው ለሌለው ስጦታ ብዕሬ አልሄደልኝም።

ስለዚህ ለ11ዱም ስጦታ ሰጠሁ ማለት ይከብደኛል። ከ11ዱ መካከል ለልጁ ብዬ ብቻ የገዛሁት ስንት እንደሆነ አላውቅም። ለልጅ ብዬ ብቻ ልሰጠው የምችለው አንድ ነበር፤ እሱን አልሰጠሁም።

አሁን እሷ ትልቅ ሰው ሆናለች። እናቴ ካረፈች በኋላ በተዝካሯ ዕለት መጥታ ነበር፤ ልጅ አዝላ። እንጀራና ወጥ ስታቀርብ፣ የሴቶቹን ሥራ ስታቀና አየኋት። እንደ ቀድሞው «ጋሼ» ብላ ሳመችኝ። ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሁለቴም ተቀመጥኩ። ብነግራት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው! እኔ መች ትዝ ይለኛል» ትለኛለች። ትዝ ቢላትም ትለኛለች፤ አስተዳደጓ ነው። ያን ጊዜም እንደገና ሸክሜን ልታቀልልኝ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ለእሷ ማሰብ ነው ወይስ ፍርሃት? ለእሷ ማሰብ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ፍርሃቱ የሚበዛ ይመስለኛል።

ደብተሩን አልጣልኩትም። ባዶውን መስመርም አልሞላሁትም፤ ዛሬ ብጽፍበት የዛሬ ጽሕፈት ነው የሚሆነው። ለገና የሚገዛ ነገር ሲኖር አሁን ከስም አልጀምርም። መጀመሪያ፣ እናቴ እንቁላል እንደምትቆጥረው፣ ጣቴን እያጠፍኩ ስጦታው በሚታደልበት ቤት የሚያድረውን ሰው ሁሉ እቆጥራለሁ። ይህ ያለፈውን አይመልስም፤ የሚቀጥለውን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

አንተም አንባቢዬ፣ አንቺም፣ ለመጪው ገና ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ አያቶቻቸው ቤት የምትሄዱ ከሆነ፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። ስታንኳኩ ሮጣ በሩን ከምትከፍትላችሁ ልጅ ጀምሩ።