ዘርና ወንዝ

«ሰው ያለ አለቃ ሥራ አይሠራም» የሚሉና «አለቃ ባይኖር ሥራው ይበልጥ ይሠምር ነበር» የሚሉ ሁለት ወገኖች ከጥንት ጀምሮ ሲከራከሩ ኖረዋል። በዛሬው ዘመን ግን ሁለቱም ለምስክርነት የሚጠሩት አንዱን የሶፍትዌር ሥራ ነው። እኛ ምንም እንኳ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ብንሆን፥ የወረታና የፎገራ ልጆች እንደ መሆናችን በነገሩ ላይ የምንለው አለን።

የአለቃ ወገን ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ይጠቅሳል። ፈጣሪው ጊዶ ቫን ሮሰም፥ ባልደረቦቹ በቀልድ «የዕድሜ ልክ ደግ አምባገነን» እያሉት፥ ለብዙ ዓመታት የመጨረሻውን ቃል ሲሰጥ ኖሯል። ሌላው ወገን ደግሞ ይኸው ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 ዓ. ም. በክርክር ተሰላችቶ ሥልጣኑን መልቀቁን፥ በ2019ም አምስት አባላት ያሉት ሸንጎ በምርጫ መተካቱን ያነሣል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ዋናውን ነገር ዘለውታል። ያ «አምባገነን» ማንንም አስገድዶ ሊያስቀር አይችልም ነበር፤ ያልተስማማ ሰው ሥራውን እንዳለ ገልብጦ በራሱ መንገድ መሄድ ይችላልና። በ2010 ኦፕን ኦፊስ የተባለውን የጽሕፈት ሶፍትዌር ከሚሠሩት ብዙዎቹ በአዲሱ ባለቤት በኦራክል ኩባንያ አካሄድ ስላልተማመኑ፥ ቅጂውን ይዘው ወጥተው ሊብሬ ኦፊስን አቋቋሙ። የባለቤቱም ቅጂ እንዳለ ቀረ።

የፎገራ ገበሬ ይህን በዘር ያውቀዋል። ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዘር በሜዳችን የተስፋፋው ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተላለፈ ነው። ከጎረቤቱ ዘር የተበደረ ሰው በመኸር ይመልሳል፤ ከዚያ ወዲያ መቼና እንዴት እንደሚዘራ የሚያዘው የለም።

ርብ ግን እንደ ዘር አይደለም። ከጉና ወርዶ ሜዳውን አቋርጦ ጣና ይገባል። በበጋ የላዩ ቢጠልፈው የታቹ ይጠማል፤ የተቀየመም ገበሬ ወንዙን ገልብጦ ይዞት አይሄድም። ስለዚህ በአገራችን የቆየ የመስኖ ልማድ ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት ይሰየማል።

ሶፍትዌርም የራሱ ወንዝ አለው። እያንዳንዱ ሠሪ ለፊደላችን የየራሱን ቁጥር ይሰጥ በነበረበት ጊዜ፥ በአንዱ የተጻፈው አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ነጻነት ነበረ፤ መግባባት ግን አልነበረም። በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ ለፊደላችን የጋራ ቁጥር ሲሰጥ ችግሩ መቃለል ጀመረ። ይሁን እንጂ ዩኒኮድን የሚያስተዳድረው ማኅበር መቀመጫው አሜሪካ ነው፤ ስለ ፊደላችን በሚመከርበት ጉባኤ እኛ ካልተገኘን ሌላው ይወስንልናል።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ ስለ ሥልጣን ስንከራከር አስቀድመን «ነገሩ ዘር ነው ወይስ ወንዝ?» ብለን እንጠይቅ። ዘር ከሆነ ክፉ አለቃን ትቶ መሄድ ይበቃል። ወንዝ ከሆነ ግን መሄጃ ስለሌለ፥ አለቃውን የምንመርጥበት፥ የምንጠይቅበትና የምንሽርበት ሕግ ያስፈልገናል። አገርም ተገልብጣ አትወሰድም፤ ስለዚህ «ሶፍትዌሩ ያለ ሕግ ከሠራ አገሩም ይሠራል» ለሚለን፥ «ደግ አምባገነን ይበቃል» ለሚለንም፥ መልሳችን ርብን ወርዶ እንዲያይ ነው።