ጂምፕ ሆይ፣ ቆቦ ላይ ጎፈሬ አለ

አበሻ ሶፍትዌር ሲያስቸግረው አቤቱታ አያቀርብም፤ ሌላ ክራክ ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ ባሉ ፎቶ ቤቶች "ፎቶሾፕ አርግልኝ" ማለት ብጉሬን አጥፋልኝ፣ ኮት አልብሰኝ ማለት ነው። ግን ስንቱ ገዝቶት? አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 አዳዲሶቹን ፎቶሾፖች በወር ክፍያ ብቻ ማድረግ ከጀመረ ወዲህማ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት ይምጣ! ሰርቆ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ባለንብረቱን "እባክህ ይሄ ጎድሎኛልና ጨምርልኝ" ሊለው አይችልም።

ጂምፕ ግን ይጠየቃል። ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የተባሉ ሁለት የበርክሌይ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመሩት፣ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ የምስል ማስተካከያ ነው። ማንም ሰው ተነስቶ "ይሄ ይጨመር" ማለት ይችላል። ይቺን "ማንም ሰው" የምትል ቃል ነው ቆቦ ወስደን ልንፈትናት የፈለግነው፤ ፎቶ ቤት የሚሠሩ ወዳጆች አሉንና።

ቆቦን ለማታውቁ፦ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች፣ ሞቃት፣ የማሽላና የጤፍ አገር ናት። ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ ጥር ይመጣል፤ ከጥር ጋር ሰርጉ፤ ከሰርጉ ጋር ባነሩ፣ የጥሪ ካርዱ፣ አልበሙ። በቀረው ጊዜ ፎቶ ቤት የሚኖረው በጉርድ ፎቶ ነው። ማንም የማይመኘው ሌላ ሥራም አለ። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ጊዜ ከተማዋ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ በስልክ የተነሳች አንዲት ትንሽ፣ የደበዘዘች ፎቶ ይዘው የሚመጡ እናቶች አሉ። "ከሰዎቹ መሀል ለብቻው አውጡልኝና አሳድጉልኝ" ነው ጥያቄው። ለግድግዳ ነው። ሌላ ፎቶ የለም። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ አልችልም ቢል፣ እናትየውን ፊት ለፊት አይቶ "አይሆንም" የሚላት ኮምፒውተሩ አይደለም።

ሰውን ከጀርባው ለይቶ የሚያወጣ መሣሪያ ጂምፕ ውስጥ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.10 ላይም ተሻሽሏል። ለተላጨ ጭንቅላት ግሩም ነው። የራያ ጎፈሬ ሲመጣለት ግን ያላበዋል። ጎፈሬ ጠርዝ የለውም፤ የከሰዓቱ ፀሐይ በየፀጉሩ መሀል ያልፋል። መሣሪያው ወይ እንደ ፀጉር አስተካካይ ዙሪያውን ይከረክመዋል፣ ወይ ከኋላ ያለውን ቆርቆሮ ከነዝገቱ ፀጉሩ ላይ ያስቀረዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ስትጠይቁ የምታገኙት የተለመደ መልስ "ለዚህ ፕላጊን አለ" የሚል ነው። ፕላጊን ተቀጥላ ማለት ነው። ለብቻው የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጂምፕ ምስሉን ያቀብለዋል፣ ሠርቶ ይመልሳል። ብልህ አሠራር ነው። ፖል ሃሪሰን የጻፈውን ሪሲንተሳይዘርን ውሰዱ። ከፎቶ ላይ አንድ ነገር አጥፍቶ ክፍተቱን ከአካባቢው በተወሰደ መልክ ይሞላል። ፎቶሾፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ተመሳሳዩን ይዞ ሲመጣ ዓለም አጨበጨበ፤ የጂምፕ ሰዎች ከዓመታት በፊት ነበራቸው!

ታዲያ ምን ያደርጋል፤ ተቀጥላ ዕድሜው በሌላው እጅ ነው። ብዙ ፕላጊኖች የተጻፉበት ፓይተን 2 እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ጡረታ ወጣ፤ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶችም ከጂምፕ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል አወጡት። መጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጂምፕ 3.0 ሲወጣ ደግሞ ለ2.10 የተጻፉ ፕላጊኖች እንደገና ካልተስተካከሉ አይሠሩም ተባለ። አዲሱ ጂምፕ ማጣሪያ ከተደረገ በኋላ ተመልሶ መቀየር ያስችላል፤ ይሄ ግን ለውስጦቹ ማጣሪያዎች ነው። ፕላጊን የሠራው ምስሉ ላይ ተጋግሮ ይቀራል።

ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ሰው ይሄ የአንድ ከሰዓት ራስ ምታት ነው። አማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦበት ነበር። ጂምፕን በፍላሽ ከከተማ ከተማ ማዞር ይቻላል፤ ጥሩነቱም እሱ ነው፣ ፈቃድህን አሳየኝ አይልም። ፕላጊኑም በፍላሽ ይመጣል። ፕላጊኑ ሥራ ሲጀምር የሚፈልገው ሌላ ፋይል ግን አልመጣም። እሱን የሚያመጣ ሰው እስኪገኝ ጥር ያልፋል። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ላይ "በፕላጊን አለ" የሚባለው ነገር፣ ቆቦ ላይ "የለም" ነው።

ለገንቢዎቹም ጥብቅና እንቁም። ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በፈቃደኝነት የሚሠሩ። የተጠየቀውን ሁሉ ቢጨምሩ ሶፍትዌሩ መርካቶ ይሆናል። መሠረቱ ሳይቀየር የማይሆን ጥያቄም አለ። ተመልሶ የሚቀየረው ማጣሪያ የቆመበት ጌግል የተባለው ሞተር እ.ኤ.አ. በ2000 ተጀምሮ ፍሬውን በሙሉ ያየነው በ2025 ነው። በዚህ መሀል አንድ ልጅ ተወልዶ፣ ዲግሪ ይዞ፣ ሥራ ፈላጊ ይሆናል። በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች መሥራትም እንዲሁ ነው፦ 3.0 ሕትመቱ ምን እንደሚመስል ያሳያል፣ ፋይሉንም በዚያ መልክ ያወጣል፤ ውስጡ ሥራው ግን አሁንም በስክሪን ቀለም ነው። የሙሽሪት ሰማያዊ ባነር ታትሞ ሲመጣ ለምን እንደሚያዝን ገባችሁ?

"እኛ ብንጠይቅ ማን ይሰማናል" ለሚሉን የምናቀርበው ምስክር ፊደላችንን ነው። በ1990ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደሉን በራሱ ሥርዓት በላቲን ፊደላት ቦታ ይሸጉጥ ነበር። የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ስትከፍቱ የባቢሎን ግንብ ነው። ያ ማለት አማርኛ ራሱ ፕላጊን ነበር ማለት ነው። እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ጠየቁ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ዛሬ ቆቦ ያለ እረኛ ስልኩ ላይ በአማርኛ የሚጽፈው ጥያቄው መሠረቱ ውስጥ ስለገባ ነው። ጂምፕም ዩኒኮድ አማርኛን ያለ ተቀጥላ ይጽፋል፤ አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት መጫን ይበቃል። የድሮዎቹ የጥሪ ካርድ ፋይሎች ግን በአሮጌዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ናቸውና አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ አሁንም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናሉ። እሱ የጂምፕ ጥፋት አይደለም።

እናም ጥያቄ እየጻፍን ነው። "ይሄን ቁልፍ ጨምሩ" አላልንም፤ ቁልፉን እነሱ ያውቃሉ። የጻፍነው ሥራውን ነው፦ ትንሽ የስልክ ፎቶ፣ ደካማ ኮምፒውተር፣ የሌለ ኢንተርኔት፣ ጠርዝ የሌለው ፀጉር። ይሄ ለቆቦ ብቻ የሚሆን እንዳልሆነም ጨምረናል፤ ጎፈሬ ሌጎስም ኪንግስተንም አለ። ማስረጃ ፎቶ ማያያዝ ስለሚያስፈልግ አንድ ባለ ጎፈሬ ጎረምሳ አስፈቀድን። ደስ አለው። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፦ ከፀጉሩ ኋላ የቆመው አህያ ይጥፋ። አህያው ከጠፋ ግን ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል፤ እስካሁን እየለመንነው ነው።