እንግዳ

አማርኛችን «እንግዳ» ሲል አንድም ተቀብለን የምናስተናግደውን ሰው፣ አንድም ከዚያ በፊት አይተን የማናውቀውን ነገር ማለቱ ነው። ሁለቱ በአንድ ቃል የታሰሩት በከንቱ አይመስለኝም፤ በራችንን የሚያንኳኳ ሰው ያልሰማነውን ወሬ ይዞ ይገባልና።

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር በአንድ ስም የተሰለፉት መካከለኛ ሆቴሎች ግን ቃሉን ለሁለት ከፍለውታል፤ እንግዳው አለ፣ እንግዳ ነገር የለም። ይህን መንገድ በስፋት ከጠረጉት አንዱ ኬመንስ ዊልሰን የተባለ የሜምፊስ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ይዞ ወደ ዋሽንግተን ሲጓዝ፣ ያደረባቸው ማረፊያዎች ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ዶላር ጨምረው አስከፈሉት። ተናዶ ተመለሰ፤ በዓመቱ በ1952 በከተማው የመጀመሪያውን ሆሊዴይ ኢን ከፈተ። ከወላጁ ጋር ያደረ ልጅ አይከፍልም፤ ክፍሉም ንጹሕና በየከተማው ያው ነው። የአንድ አባወራ ቁጣ ስንቱን አልጋ አስነጠፈ!

ስማቸው ይቆየንና፣ እኔም በደላስና በኮሎምበስ በእንዲህ ያሉ ሆቴሎች አድሬያለሁ። የመብራቱን ማጥፊያ እጄ በጨለማ ያገኘዋል። ለአንድ ራስ አራት ትራስ ምን እንደሚሠራ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። አብርሃም ከድንኳኑ ደጃፍ ሮጦ ሦስት መንገደኞችን የተቀበለበት ታሪክ እንኳ ከራስጌ ካለው መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የሚያነበው ካለ። ይህን የምለው ለማጥላላት አይደለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደክሞት ለደረሰ ሰው፣ «አገርህ ወዴት ነው? የማን ልጅ ነህ? ለምን አትበላም?» የማይል ክፍል ጸጋ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሄድሁት ለአክስቴ የአርባ ቀን ተዝካር ነበር። ሆቴል ማረፌን በሰሙ ጊዜ የዘመዶቼ ሐዘን ላይ ቅያሜ ተጨመረበት። «የእናቴ ቤት እያለ?» አለኝ የአክስቴ የበኩር ልጅ። በዚያ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሰባት ሰው ተደርድሮ ያድር ነበር፤ ለእኔም ስምንተኛ ቦታ ተትቶልኝ ኖሯል። ዛሬም ቢሆን ሆቴሉን እመርጥ ነበር፤ እንቅልፍ ያስፈልገኝ ነበርና። ፊቱ ግን ከዓይኔ አልጠፋም።

በዚያው ቀን ረፋድ ላይ፣ ገና ሳልወጣ፣ ክፍል የምታጸዳው ሴት ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ለነገው ተዝካር ያመጣሁት ነጠላ ወንበሩ ላይ ተጥሎ ነበር። እሱን አየችና በአማርኛ፣ «ሐዘን ላይ ነዎት?» አለችኝ። አገሬን፣ የአባቴን ስም፣ ቁርስ መቅመስ አለመቅመሴን በሦስት ትንፋሽ ጠየቀችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምታዳርሳቸው አሥራ አምስት ክፍሎች እንዳሏት የነገረችኝ አንሶላውን እየገፈፈች ነው። «ነፍስ ይማር፣ እርስዎንም ያጽናዎት» ስትል ግን እጇ ቆመ፤ አንሶላውን እንዳቀፈች ጥቂት ዝም አለች።

ማታ ስመለስ አልጋው እንደ ደላሱም እንደ ኮሎምበሱም ተወጥሮ ተነጥፏል። ነጠላው ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ስወጣ ከትራሱ ሥር ያኖርሁላት አምስት ዶላርም ከላዩ ላይ ነበር።