ከሙዙ አርቂው

እናቴ ሆለታ በሚገኝ የአበባ እርሻ ለዓመታት ጽጌረዳ ስትቆርጥ ኖራለች፤ በቤታችን ግን አንድም አበባ ቆሞ አያውቅም ነበር። ታማ በተኛች ጊዜ 10 ጽጌረዳ ገዝቼ ገባሁ። «ለሚረግፍ ነገር ገንዘብ!» ብላ ተቆጣችኝ። ጥቂት ቆይታ ግን ከአልጋዋ ሆና ታዘኝ ጀመር። «ዘንጉን ውኃ ውስጥ እንዳለ በሰያፍ ቁረጪው፤ አየር ከገባበት መጠጣት ያቅተዋል። ውኃ የሚነካውን ቅጠል አራግፊ፣ ይበሰብሳል። ደግሞ ከሙዙ አርቂው፤ የበሰለ ፍሬ ትንፋሹ አበባ ያስረጃል።» ትንፋሽ ያለችው ጋዝ ኤትሊን እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው።

ውኃውን በየማለዳው እለውጥ ነበር። በዘጠነኛው ቀን አንዱ አንገቱን ደፋ። ሳትነቃ አውጥቼ ጣልሁት፤ የቀሩትንም አቀራርቤ ክፍተቱን ሸፈንሁ።

ስትነቃ ዐይኗ አበባው ላይ ዋለለ፤ ከንፈሯም ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ዘጠኝ ናቸው» አለች፤ «አንዱን የት አደረግሽው?»