ስለ ማክሮና ስለ በር ጠባቂዎች

ሰው ድካሙን የሚቀንስለት መሣሪያ ባገኘ ጊዜ ይደሰታል፤ መደሰቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን መሣሪያ እጅን እንጂ ኅሊናን እንደማያሳርፍ ማስተዋል ይገባዋል። ይህን ነገር የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከለመዱት አንድ አሠራር ተነሥተን ልንመለከተው አስበናል።

በምንኖርበት በልደታ በሚገኘው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ሰው የመዝገብ ቤትን ሥርዓት ያውቃል። ባለጉዳይ ወደ መደርደሪያው ገብቶ መዝገቡን በገዛ እጁ አያነሣም፤ የሚያወጣውም የሚመልሰውም ሠራተኛው ነው። በኦብጀክት ስልት የሚጻፍ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። የአንድ ሰው ስም፥ ጾታና የልደት ቀን በአንድ ኦብጀክት ውስጥ ተሰውረው ይቀመጣሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ኮድ የሚደርስባቸው በሁለት በር ጠባቂዎች በኩል ነው። የተጠየቀውን አውጥቶ የሚሰጠው ጌተር፥ አዲሱን ተቀብሎ የሚያስገባው ሴተር ይባላል። ዴቪድ ፓርናስ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፥ እያንዳንዱ የፕሮግራም ክፍል ሊለወጥ የሚችለውን የውስጥ አሠራሩን ከሌሎቹ መሰወር እንዳለበት አስረድቷል።

ይሁን እንጂ ሥራው አሰልቺ ነው። 20 መጠይቅ ላለው ቅጽ 40 በር ጠባቂዎች ይጻፋሉ፤ አብዛኞቹም ከስማቸው በቀር ልዩነት የላቸውም። ማክሮ የሚረዳን በዚህ ጊዜ ነው። ማክሮ እንደ ታተመ ቅጽ ነው፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ይዘጋጃል፥ ባዶው ስፍራ በየጊዜው ይሞላል። በሲና በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋዎች አብነቱ «ዲፋይን» በሚባለው ትእዛዝ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ኮዱ ወደ ኮምፒዩተሩ ቋንቋ ከመተርጎሙ በፊት አንዲት መስመር ተዘርግታ ጌተርና ሴተር ትሆናለች። እኛም በሥራችን እንገለገልበታለን፤ ጥቅሙንም አንክድም።

ነገር ግን ማክሮ ስምን ይገለብጣል እንጂ ትርጉምን አያውቅም። የልደት ቀንን እንውሰድ። ልደት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፍ በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 760 ተደንግጓል። እንዲሁ በአብነት የተዘጋጀ ሴተር ግን «ጳጉሜን 7» ቢሉት ያለ ጥያቄ ያስገባል። ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ 6 ትሆናለች። ስለዚህ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ተወለደ የተባለ ሕፃን ቀኑ እውነተኛ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚባል ቀን ግን ከቶ አልነበረም። በአንጻሩም ዓመቱ 12 ወር ብቻ ነው ብሎ የሚፈትሽ ሴተር በጳጉሜን የተወለደውን ሁሉ ከበር ይመልሳል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባው፥ ሠራተኛም ጡረታ የሚወጣው በልደት ቀኑ ተቆጥሮ ነው። ቀኑ የተበላሸበት ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለስ ይከርማል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም።

ስለዚህ ማመዛዘን ያስፈልጋል። ምንም ደንብ የሌለበትን ማክሮ ይጻፈው። ደንብ ያለበትን ሰው በእጁ ይጻፍ፥ ወይም ፍተሻውን ከአብነቱ ጋር ያዋሕድ። ከተመዘገበ በኋላ እንዲሁ መለወጥ ለማይገባው ነገር ደግሞ ሴተር ጭራሽ አይሠራለት፤ ማንንም የሚያስገባ ዘበኛ ከማቆም በሩን መዝጋት ይሻላልና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በማክሮ ያተረፍናትን አንዲት ሰዓት ባለጉዳዩ በብዙ ቀን እንዳይከፍላት እንጠንቀቅ።